ቃልን የሚሸከም ድምፅ፦ ስለ ብሪን ተርቨል የመጀመሪያ የመድረክ ዓመታት



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው በብሪታንያ ምዕራብ፣ በተራራና በባሕር መካከል ከተቀመጠችው ከትንሿ ከዌልስ ተነሥቶ፣ ለትምህርት ወደ ለንደን ከሄደበት ቀን አንሥቶ በዐሥር ዓመት ውስጥ የቪየናን፣ የሳልዝቡርግንና የኒው ዮርክን የኦፔራ መድረክ ስለ ረገጠው የገበሬ ልጅ፣ ስለ ብሪን ተርቨል ነው። ስለ ዝናው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቁመቱና ስለ ግርማው፣ ስለ ድምፁም ስፋት የጋዜጣ ጸሐፊዎች ያላሉት ነገር የለም። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ አንዱን ብቻ መርጬ፣ ይህ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የቃል ባለዜማ መሆኑን፣ ይኸውም ማለት ድምፁን ለቃሉ አገልጋይ አድርጎ የሚያሰማራ መሆኑን፣ ይህንንም ጠባይ ገና በሕፃንነቱ ካሳደገው ሕዝብ የተቀበለው መሆኑን ላስረዳ እሻለሁ። ዘመኑን የምቆጥረው ነገሩ በተፈጸመበት ሀገር ልማድ መሠረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብሪን ተርቨል ጆንስ ኖቬምበር 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በሰሜን ዌልስ፣ በጥንቱ በካርናርቨን ግዛት፣ ፓንት ግላስ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ በግና ከብት የሚያረባ ገበሬ ነበረ፤ አገሩም ጥቁሩ የጣራ ድንጋይ ከተራራ ሆድ እየተፈለጠ ለሩቅ ከተሞች የቤት ክዳን ይሆን ዘንድ በመርከብ የተጓዘበት፣ በኋላም ያ ሥራ እየደከመ ሲሄድ ብዙ ወጣት የተሰደደበት አገር ነው። የቤቱ ቋንቋ የዌልስ ቋንቋ ነበረ፤ እንግሊዝኛ ለዚህ ልጅ ሁለተኛ ሆኖ የመጣ ነው። እርሱ ከመወለዱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር፣ በዚያው በሰሜን ዌልስ በትሪወሪን ሸለቆ ለሊቨርፑል ከተማ ውኃ የሚያጠራቅም ግድብ ተመረቀ፤ ስለዚህም ግድብ ሲባል ካፔል ከሊን የተባለች፣ ሰዎቿ የዌልስን ቋንቋ የሚናገሩባት መንደር፣ ከነቤተ ጸሎቷ፣ ከነትምህርት ቤቷና ከነእርሻዋ በውኃ ተሸፈነች። ግድቡን የፈቀደው ሕግ በ1957 በለንደን ምክር ቤት ሲጸድቅ ከዌልስ እንደራሴዎች ድጋፉን የሰጠ አንድ ስንኳ አልነበረም። ይህን ያነሣሁት የሕፃኑን ልደት በምልክት ለማስጌጥ አስቤ አይደለም፤ በዚያ ዘመን በዚያ አገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ሁሉ የልሳኑን መጥፋት ዐይኑ እያየ የሚፈራ፣ በመፍራቱም ልጁን ግጥምና ዜማ ለማስጠናት ይበልጥ የሚተጋ እንደ ነበረ እንድትገነዘቡልኝ ነው።

የዌልስ ቋንቋ እስከዚያ ቀን በሕይወት የኖረው በቤተ መንግሥት ጥበቃ አይደለም። በ1588 ዊልያም ሞርጋን የተባለው ካህን መጻሕፍተ ብሉያትንና ሐዲሳትን በዚህ ልሳን አሟልቶ ስላሳተመለት፣ ቋንቋው የሥልጣንና የፍርድ አደባባይ ቢዘጋበትም የጸሎትና የምስጋና ልሳን ሆኖ ጸና። በ19ኛው መቶ ዓመት በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የእናቱን ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ሕፃን ከአንገቱ የእንጨት ምልክት እየተንጠለጠለበት ሲያፍርና ሲቀጣ በሰነበተበት ሳምንት፣ እሑድ በቤተ ጸሎት ያው የተናቀው ልሳን በአራት ድምፅ ተከፍሎ ከፍ ብሎ ይዘመር ነበር። ደግሞም ኖታ ማንበብ ላልተማረ ሰው የዜማውን ድምፆች በፊደል እያመለከተ የሚያስተምር፣ ሶልፋ የተባለው ዘዴ ከዚያው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ በቤተ ጸሎቶቹ በተስፋፋ ጊዜ፣ ከሰል ቆፋሪውና ድንጋይ ፈላጩ፣ ሱቅ ጠባቂውና የቤት ሠራተኛዋ፣ በሌላ አገር የባለጸጎች ገንዘብ የነበረውን የሃንደልን ኦራቶርዮ ከነሙሉ አዝማቹ የሚዘምሩ ሆኑ። እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል አንድ ታላቅ ዘፋኝ ቢነሣ ሊያስደንቀን አይገባም፤ የሚያስደንቀው ባይነሣ ነበር።

ከቤተ ጸሎቱ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው የሕዝቡ ትምህርት ቤት አይስቴዝቮድ የሚባለው የግጥምና የዜማ ውድድር ጉባኤ ነው። ሥሩ እስከ 1176 ድረስ ይደርሳል፤ በዚያ ዓመት ሎርድ ሪስ የተባለው መስፍን በካርዲጋን ግንቡ ባለቅኔዎችንና ባለበገናዎችን ሰብስቦ እንዳወዳደረና ለአሸናፊዎቹ ወንበር እንደ ሸለመ ታሪክ ይነግረናል። ዛሬ በየዓመቱ የሚደረገው የብሔሩ ታላቅ ጉባኤ በነሐሴ አካባቢ ሙሉ በሙሉ በዌልስ ቋንቋ ይካሄዳል፤ ከእርሱም ሌላ በ1922 የተመሠረተው ኡርዝ የተባለው የወጣቶች ማኅበር ከ1929 ጀምሮ ለልጆች የራሳቸውን ጉባኤ አቁሞላቸዋል። ነገር ግን ከሁለቱም ታላላቅ ጉባኤዎች በታች፣ በየመንደሩ አዳራሽና በየቤተ ጸሎቱ የሚደረግ ስፍር ቁጥር የሌለው ትንንሽ አይስቴዝቮድ አለ፤ ለእኔ ዋናው እርሱ ነው። አፉን በቅጡ ያልፈታ ሕፃን ብቻውን መድረክ ላይ ወጥቶ፣ አያቱ፣ መምህሩና ጎረቤቱ በተቀመጡበት ፊት ግጥም ያነበንባል፤ ዜማ ያዜማል። ከዚያም ዳኛው ተነሥቶ ፍርዱን በጉባኤው መካከል በአደባባይ ይናገራል፤ የትኛው ልጅ የቃሉን መጨረሻ እንደ ዋጠው፣ የትኛው ሐረጉን በትንፋሽ እጥረት ከመካከሉ እንደ ቈረጠው፣ የትኛው ግን የሚለውን ነገር እያወቀ እንደ ተናገረ ይገልጻል። አስቡት እንግዲህ፤ በዚህ ዐይነት ያደገ ሰው ሃያ ዓመት ሲሞላው መድረክን አይፈራም፤ ተግሣጽንም እንደ ውርደት አይቈጥርም።

በዚህ ጉባኤ ከሚታዩት ጥበቦች አንዱ ከርዝ ዳንት የሚሉት የበገናና የግጥም ጥበብ ነው፤ እርሱን ሳላብራራ ባልፍ ነገሬ ጎደሎ ይሆናል። በዚህ ጥበብ በገናው የታወቀ አንድ ዜማ ይጀምራል፤ ዘፋኙ ግን ያንን ዜማ አይከተልም። ጥቂት ቈይቶ የአንድን ባለቅኔ ግጥም በሌላ ዜማ ይዞ ይገባል፤ ሁለቱ በየመንገዳቸው ሄደው፣ በተለያየ ሰዓት ከቤት የወጡ ሁለት መንገደኞች በአንድ ደጅ እንደሚገናኙ፣ መጨረሻው ላይ ባንድነት ይደርሳሉ። የዘፋኙን ዜማ የሚወስነው የግጥሙ አነባበብ ነው፤ ቃሉ በሚጠብቅበት ዜማው ይጠብቃል፣ ቃሉ በሚላላበት ዜማው ይላላል፤ ድምፁ ያማረ ሆኖ ሳለ የግጥሙን ምት የሳተ ሰው በዚህ ጥበብ ዘንድ እንደ ተሸነፈ ይቈጠራል። ብሪን ያደገው ይህ ጥበብ በሚከበርበት አገር ነው፤ የመጀመሪያዎቹንም ባህላዊ ዘፈኖች ያስጠናው የቤተሰቡ ወዳጅ የሆነ ሰው ነበረ። እስከ ጉልምስናው ዋዜማ ድረስም ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው እየዞረ ሲወዳደርና ሲሸለም ኖረ። የኦፔራ ትምህርት ቤት ደጅ ሲደርስ፣ ሌሎች ተማሪዎች ብዙ ዓመት ደክመው የሚያገኙትን ነገር፣ ማለትም ቃልን በዜማ ላይ አጥርቶ አኑሮ ከአዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ድረስ ማድረስን፣ አስቀድሞ ይዞት ነበር።

በ1984፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ወደ ለንደን ወርዶ ጊልድሆል የተባለው የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ መጀመሪያ አርተር ሬክለስ፣ ቀጥሎም ሩዶልፍ ፒርናይ አስተማሩት። የሬክለስ ስም ዛሬ ብዙ አይነሣም፤ ነገር ግን የወጣትን ድምፅ በጥንቃቄ የተረከበ የመጀመሪያ መምህር ውለታው ከሁሉ የበለጠ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ትልቅ ድምፅ ይዞ የመጣን ልጅ ቶሎ ወደ ትልቅ ሥራ መግፋት ለመምህርም ለተማሪም የሚያጓጓ ፈተና ነው። ጀርመናዊው ፒርናይ ደግሞ የሹበርትንና የሹማንን የግጥም ዜማ ከነጀርመንኛው ለማስተማር የተካነ ሰው ነበረና፣ በበገና ዙሪያ ግጥም ማክበርን የተማረው ወጣት በፒያኖ ዙሪያም ያንኑ ሲያገኘው ባዕድ አልሆነበትም። ወጣቱ ስሙን ያሳጠረውም በመድረክ ሥራው መጀመሪያ ነው፤ ዴልሜ ብሪን-ጆንስ የተባለ ሌላ የዌልስ ባሪቶን አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ፣ ጆንስን ትቶ ብሪን ተርቨል ተባለ። በ1988 ለታላቋ እንግሊዛዊት ዘፋኝ ለካትሊን ፌሪየር መታሰቢያ የቆመውን ሽልማት አገኘ፤ በ1989 ትምህርቱን ሲፈጽምም የጊልድሆልን የወርቅ ሜዳልያ ተቀበለ።

አሁን ወደዚያው ወደ 1989 ዓ.ም.፣ ወደ ካርዲፍ ከተማ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቈየት እፈልጋለሁ። የቢቢሲ የዌልስ ክፍል ከ1983 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ከልዩ ልዩ አገሮች የተላኩ ወጣት ዘፋኞችን በካርዲፍ ያወዳድር ነበር። በ1989 ዌልስን ወክሎ የቆመው የ23 ዓመቱ ተርቨል ነበረ። ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ደግሞ ከሳይቤርያ ከተማ ከክራስኖያርስክ የተነሣው ባሪቶን ዲሚትሪ ህቮሮስቶቭስኪ ነበረ። የዚያን ዓመት ውድድር ሰዎች እስከ ዛሬ የባሪቶኖች ጦርነት እያሉ ይጠሩታል፤ ታላቁን ሽልማት ያገኘው ህቮሮስቶቭስኪ ነው፤ ተርቨልም ለግጥም ዜማ የተመደበውን ሽልማት፣ ጀርመኖች ሊድ በሚሉት ጥበብ ስም የሚሰጠውን፣ ተቀበለ።

ስለዚህ ፍርድ ብዙ ክርክር ሲነሣ ሰምቻለሁ፤ ለአገራቸው ልጅ የሚያደሉ ሰዎች ዳኞቹ ተሳስተዋል ይላሉ። እኔ ግን ዳኞቹ በሁለቱም ሽልማት እውነትን ፈርደዋል ባይ ነኝ። ህቮሮስቶቭስኪ በውድድሩ ያቀረበው የቬርዲ ዜማ እስትንፋሱ ረዥም፣ ሐረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ቦታ ያልተቈረጠ፣ የድምፁ ጥራት ከጫፉ የደረሰ፣ ፈጽሞ የበሰለ ነበር፤ ተርቨል ገና በማደግ ላይ ያለ ድምፅ ነበረው። ነገር ግን የሊዱ ሽልማት ለእርሱ መሰጠቱ፣ ዳኞቹ በዚያ ወጣት ዘንድ ከሁሉ በላይ የሆነውን ነገር ለይተው ማየታቸውን ያሳያል፤ በሊድ ጥበብ መጋረጃ የለም፣ ልብሰ መድረክ የለም፣ ኦርኬስትራ የለም፤ አንድ ሰው፣ አንድ ፒያኖና አንድ ግጥም ብቻ አሉ። ሽልማቱን ያገኘበትን ነገር የተማረው ከመንደሩ አዳራሽ ነው። ሁለቱ ሰዎች ባላንጣ ተብለው ቢጠሩም ወዳጅነታቸው ህቮሮስቶቭስኪ በ2017 እስከ ዐረፈበት ጊዜ ድረስ የዘለቀ ነበረ፤ ይህንም ማንሣት ለሁለቱም ክብር ይገባል።

በሚቀጥለው ዓመት በ1990 በዌልስ ብሔራዊ ኦፔራ ማኅበር፣ በሞዛርት ድርሰት በኮዚ ፋን ቱቴ ውስጥ ጉልየልሞ የተባለውን ወጣት መኮንን ሆኖ የሙያ ሥራውን ጀመረ። ይህ ማኅበር ራሱ ታሪክ የሚነገርለት ነው። በጦርነቱ መካከል በ1943 ተመሥርቶ፣ በ1946 በካርዲፍ የመጀመሪያ ትርኢቱን ሲያሳይ፣ መዘምራኑ ደመወዝ የማይከፈላቸው የከሰል ማዕድን ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ሱቅ ሠራተኞችና የመሳሰሉት ነበሩ፤ ቀን ሥራቸውን ውለው ማታ ቬርዲን ይለማመዱ ነበር። የማኅበሩ ዝናም መጀመሪያ የተነሣው በብቸኛ ዘፋኞቹ ሳይሆን በዚህ በመዘምራኑ ኅብረት ነው። ተርቨል በደረሰበት ዘመን ማኅበሩ ባለ ሙያ መዘምራን ያሉት ታላቅ ተቋም ሆኖ ነበር፤ ሆኖም ወጣት ዘፋኝ በአገሩ ሕዝብ ፊት ሥራውን ሊጀምርና ሊማር የሚችልበት ቤት በዚያ ሕዝብ ላብ ተሠርቶ ስለ ቆየው ነው እንዲህ ዐይነት መጀመሪያ ሊኖረው የቻለው።

በዚያው የትርኢት ዘመን በፊጋሮ ጋብቻ ውስጥ ፊጋሮን ሆኖ ተጫወተ። ፊጋሮ ለዚህ ሰው የተሠራ ሥራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1786 በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ ኦፔራ የአንድ አሽከር ታሪክ ነው፤ ጌታው የእጮኛውን ክብር ሊደፍር ሲያስብበት አሽከሩ በብልሃትና በቃል ይመክተዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙው ነገር የሚያልፈው በዜማ ንባብ፣ ማለትም በንግግር ፍጥነት በሚሄድ ዜማ ነው፤ በዚያ ክፍል ድምፁን ለማሳየት የሚጓጓ ሰው ያሰለቻል፤ ቃሉን የሚያሰማ ሰው ግን ሕዝቡን ያስቃል፣ ያስቈጣል፣ ያሳዝናል። ተርቨል ከዚያ ወዲያ ከአገር ወደ አገር ሲዞር፣ በእንግዳ ደጅ ሁሉ ላይ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በዚህ በፊጋሮ እጅ መሆኑ ሊደንቀን አይገባም፤ በ1991 በለንደን በእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ፣ ትርኢቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ በሚቀርብበት ቤት፣ ፊጋሮ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በሳንታ ፌ ኦፔራ ፊጋሮ ሆነ፤ በ1993 በቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ ፊጋሮ ሆነ፤ በዚያው ዓመትም ከጆን ኤልየት ጋርዲነር ጋር፣ በሞዛርት ዘመን ዐይነት መሣሪያዎች በሚጫወት ኦርኬስትራ፣ ይህንኑ ሥራ በሸክላ አስቀረጸው።

እዚህ ላይ ከእርሱ አስቀድሞ ይህንኑ መንገድ የጠረገለትን ሰው ስም ሳልጠራ ባልፍ በደል ይሆንብኛል። ጌራይንት ኤቫንስ በ1922 በደቡብ ዌልስ፣ ኪልቨኒዝ በምትባል የከሰል መንደር፣ ከማዕድን ሠራተኛ ቤት ተወለደ፤ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በሱቅ ተቀጠረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል አገለገለ፤ ከዚያም በኋላ በሐምቡርግ የድምፅ ትምህርት ተማረ። በ1948 በለንደኑ ኦፔራ ቤት በኮቨንት ጋርደን፣ በዋግነር ኦፔራ ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ የሚዘምረውን የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ታየ፤ በ1949 በዚያው መድረክ ፊጋሮ ሆነ፤ በ1960 ደግሞ በሚላኖ በላ ስካላ ያንኑ ፊጋሮን በጣልያኖች ፊት ተጫወተ። የዌልስ የሠራተኛ ልጅ በታላቁ መድረክ አሽከርን ሆኖ ሲናገር፣ የአሽከሩን ክብር ከውስጥ ሆኖ እንደሚያውቀው ያሳየ ሰው እርሱ ነበረ። ኤቫንስ ያረፈው በሴፕቴምበር 1992 ነው፤ ተርቨል ለመጀመሪያ ጊዜ በኮቨንት ጋርደን የቆመውም በዚያው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ በዶን ጆቫኒ ውስጥ ማዜቶ የተባለውን ባላገር ሙሽራ ሆኖ።

ይህን ማዜቶን ልብ በሉልኝ፤ ትልቅ ሥራ አይደለም። ወጣቱ በዚያ ጊዜ በሌላ አገር ስሙ እየገነነ ነበርና፣ ወደ ሀገሩ መንግሥት ዋና የኦፔራ ቤት ሲገባ ከዚህ የላቀ ሥራ ካልተሰጠኝ ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር። በ1991 በብራስልስ በላ ሞኔ ቤት በአስማተኛው ዋሽንት ውስጥ የያዘውም ሥራ እንዲሁ አጭር ነው፤ ታሚኖ የተባለው ልዑል በቤተ መቅደሱ ደጅ ቆሞ ሲጠይቅ ከውስጥ ወጥቶ የሚመልስለትን ካህን ሆኖ ነው የተጫወተው፤ ነገር ግን ኦፔራው ከተረት ወደ ጥበብ ፍለጋ የሚሻገረው በዚያች አጭር ምልልስ ላይ ስለሆነ፣ ካህኑ ቃሉን አክብሮ ካልተናገረ የቀረው ሁሉ ይፈርሳል። ትንሽ ሥራ የሚባል ነገር መኖሩን ከሙዚቃው ወረቀት ስፋት የሚለካ ሰው ይህን አያስተውልም።

ለተርቨል ስም ታላቁን በር የከፈተው ግን በ1992 ክረምት፣ በሞዛርት የትውልድ ከተማ በሳልዝቡርግ፣ በሪሐርድ ሽትራውስ ኦፔራ በሰሎሜ ውስጥ የተጫወተው ሥራ ነው። በዚያ ዓመት የሳልዝቡርግን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ጄራር ሞርቲዬ፣ አስቀድሞ የብራስልሱን ቤት ይመራ የነበረው ሰው ነው። መድረኩን ያዘጋጀው ሉክ ቦንዲ፣ ኦርኬስትራውን የመራው ክሪስቶፍ ፎን ዶናኒ፣ ሰሎሜን ሆና የዘፈነችው ካተሪን ማልፊታኖ ነበረች። ተርቨል የያዘው ሥራ ዮካናን፣ ማለት መጥምቀ መለኮት ቅዱስ ዮሐንስ ነው። ታሪኩን ሁላችሁ ከወንጌል ታውቁታላችሁ፤ ሄሮድስ በመጠጥ ግብዣ ላይ ሳለ፣ የሄሮድያዳ ልጅ ስለ ጭፈራዋ የነቢዩን ራስ በወጭት ጠየቀች። ሽትራውስ በኦስካር ዋይልድ ድራማ ላይ ተመሥርቶ በ1905 ያቀረበው ኦፔራ ነቢዩን በግቢው ውስጥ ባለ ደረቅ የውኃ ጕድጓድ ታስሮ ያሳየናል፤ ስለዚህ ከትርኢቱ ብዙውን ጊዜ ዮካናን አይታይም፤ ይሰማል እንጂ።

አንድ ዘፋኝ ሳይታይ፣ ከምድር በታች ሆኖ፣ ከመቶ በላይ ተጫዋች ባለው ኦርኬስትራ ላይ ቃሉን ማሳለፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡ። ፊት የለውም፤ እጅ የለውም፤ የሚሠራበት ነገር ቃል ብቻ ነው። በላይ ያለው ሙዚቃ የቤተ መንግሥቱን ጭንቀትና ምኞት በተሰበረ፣ በሚወላገድ ድምፅ ሲያወራ፣ ነቢዩ በተናገረ ቍጥር ሙዚቃው ይረጋል፤ ቀንዱና ትሮምቦኑ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ይሰፋሉ። በዚህ ቦታ ላይ ድምፁ ትልቅ ብቻ የሆነ ሰው ቢቆም፣ ከጕድጓዱ የሚወጣው ጩኸት ነው። ተርቨል ግን ገና ዕድሜው 26 ሆኖ፣ ያንን ጀርመንኛ ቃል በቃል አነጥሮ፣ እንደሚያምነው ሰው ነበር የተናገረው፤ ቤተ ጸሎት ውስጥ ስብከት እየሰማ ያደገ ሰው የነቢይን ንግግር ከተዋናይ ንግግር ለይቶ እንደሚያውቅ እዚህ ላይ ተገለጠ። ይህን የምለው በግምት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1990፣ በበርሊን ከጁዜፔ ሲኖፖሊ ጋር ያንኑ ዮካናንን በሸክላ አስቀርጾ ስለ ነበረ፣ ማንም ሰው ዛሬ ከፍቶ ሊሰማውና የኔን ፍርድ ሊመረምር ይችላል። በወደደው ጊዜ ይስማው፤ ቃሉን ብቻ እየተከተለ ይስማው።

ከሳልዝቡርግ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት በፍጥነት የሄደ ነው። በ1994 በዚያው ከተማ፣ በፓትሪስ ሼሮ ዝግጅትና በዳንኤል ባሬንቦይም መሪነት፣ የዶን ጆቫኒ አሽከር ሌፖሬሎ ሆነ፤ በለንደን የፕሮምስ ኮንሰርቶች መዝጊያ ምሽት ላይ ዘፈነ፤ በመጸው ደግሞ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በፊጋሮ ጀመረ። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ግን በዚያው ዓመት ከፒያኖ ተጫዋቹ ከማልኮም ማርቲኖ ጋር የሹበርትን የግጥም ዜማዎች ሰብስቦ በሸክላ ማውጣቱን እኔ ከሜትሮፖሊታኑ ትርኢት አላሳንሰውም። ዝናው ገና ትኩስ የሆነ የኦፔራ ሰው፣ ገንዘብም ጭብጨባም በብዛት ያለው በትላልቅ የኦፔራ ዜማዎች ስብስብ ሆኖ ሳለ፣ ወደ አንድ ፒያኖና ወደ ጎተ ግጥም መመለሱ ምን እንደሚወድ ያሳያል።

ክቡራን ሆይ፤ ስለ አንድ ዘፋኝ መጀመሪያ ስንናገር የዘፈነውን ብቻ ሳይሆን ያልዘፈነውንም መቍጠር ይገባናል። ባስ-ባሪቶን የሚባለው፣ በከባዱ የባስ ድምፅና በባሪቶን መካከል ያለው የድምፅ ዐይነት፣ በሰው ሰውነት ውስጥ ዘግይቶ የሚበስል ነው፤ ለዚህ ድምፅ ከተጻፉት ሁሉ ከባዱ ደግሞ በዋግነር የኒቤሉንግ ቀለበት ውስጥ ያለው ዎታን የተባለው የአማልክት አለቃ ነው፤ በአራቱ ምሽት ከሚታየው በሦስቱ ይዘፍናል። በ1992 ዮካናንን የሰማ ሰው ሁሉ ወጣቱን ዎታን አድርጎ ለማየት ተመኘ፤ ብዙ ጥሩ ድምፅ በእንዲህ ዐይነት ምኞት ከ30 ዓመቱ በፊት ተሰብሯል። ተርቨል ግን ሞዛርትን ይዞ ቈየ፤ በሌፖሬሎና በፊጋሮ፣ በሊድም ራሱን አቆመ፤ በ1999 ታድሶ የተከፈተውን የኮቨንት ጋርደንን ቤት በቬርዲ ፋልስታፍ ሲመርቅ እንኳ ዎታንን አልነካውም ነበር።

በኮቨንት ጋርደን ዎታንን ሆኖ የቀለበቱን የመጀመሪያ ክፍል በ2004 መጨረሻ፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን ክፍል ዋልኩረን በ2005 ሲዘፍን፣ ከካርዲፍ ውድድር 15 ዓመት አልፎ ነበር። በዋልኩረ ሁለተኛ ገቢር ውስጥ ዎታን ለልጁ ለብሩንሂልደ የሕይወቱን ስሕተት የሚናዘዝበት ረዥም ንግግር አለ፤ መጀመሪያው ላይ ኦርኬስትራው ጥቂት ዝቅተኛ ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ዘፋኙ በሹክሹክታ አጠገብ ሆኖ ይተርካል፤ ወርቁን፣ ስምምነቱን፣ ፍርሃቱን እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል። ብዙ የኦፔራ ተመልካች በዚህ ክፍል ይሰለቻል፤ ብዙ ታላቅ ድምፅ ያለው ዎታንም እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ድምፅ ብቻውን የሚሠራው ሥራ እዚህ የለም፤ ቃሉን እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ለአዳራሹ ሁሉ ማድረስ ያስፈልጋል። ተርቨል ወደዚህ ንግግር ሲደርስ ዕድሜው 39 ነበር፤ ቃል በቃልም ተናገረው።